«ብዬህ አልነበር?»፦ ትልቅ የቦክስ ግጥሚያን ስለ መገመት

«ኡሲክ የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፣ ፊውሪ የለውም። አለቀ፤ ኡሲክ ያሸንፋል።» ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክና እንግሊዛዊው ታይሰን ፊውሪ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ለከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ሲጋጠሙ፣ ይህን ያለኝ ሰው ልክ ሆነ። በማግስቱም «ብዬህ አልነበር?» አለኝ። ብሏል፤ አልካድኩም። ነገሩ ግን እስካሁን ይከነክነኛል፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ባዶ ነበርና። ኦድሊ ሃሪሰንም በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቆ ነበር፤ ከዋና ዋናዎቹ የዓለም ቀበቶዎች ግን አንዱንም ሳይታጠቅ ነው ጓንቱን የሰቀለው። አንቶኒ ጆሽዋ ደግሞ ከኡሲክ ጋር በአንድ ኦሊምፒክ፣ ለንደን 2012 ላይ ወርቅ ወስዶ፣ በዚሁ በኡሲክ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል።

በዚያው ሰሞን የሰማሁት ሌላ ግምት እንዲህ ይላል፦ «ፊውሪ በመሃሉ ዙሮች በረጅም እጁና ሆድ ላይ በሚያሳርፈው አፐርከት (ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘር ቡጢ) ይመራል። ኡሲክ ያን ከቻለ መጨረሻው የእሱ ነው። ቢሆንም ለጥቂት ፊውሪ ይወስደዋል።» ይህኛው ተሳሳተ ተባለ። ግጥሚያው ግን እስከ ስምንተኛው ዙር ድረስ ከሞላ ጎደል እሱ እንዳለው ነው የሄደው። ታዲያ ከሁለቱ ቦክስ የገባው ማን ነው?

በእኔ እምነት የቦክስ ግምት የሚመዘነው «ማን» በሚለው ሳይሆን «እንዴት» በሚለው ነው። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም የሚወረውር ሕፃንም ግማሹን ጊዜ ማንነቱን ያገኘዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የግጥሚያም ሥሩ «ይህ ሰው እንዲያሸንፍ ምን መሆን አለበት? ያኛውስ ያን ማስቆም ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ ጫጫታ ነው፤ የሚጣፍጥ ጫጫታ መሆኑን ግን አልክድም።

ዘጠነኛው ዙር

ያን ምሽት በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ፣ ለወትሮው የላስ ቬጋስ ግጥሚያ እሁድ ማለዳ የሚደርሰን ሰዎች ያን ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር ዓይናችንን ያፈጠጥነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ኡሲክ ወደፊት እየገፋ ጀመረ። ከአራተኛው ጀምሮ ፊውሪ ርቀቱን አገኘው። ጃቡ (ከፊት እጅ የሚሰነዘረው ፈጣን ቀጥ ያለ ቡጢ) ማረፍ ጀመረ፣ ከታች የሚመጣው አፐርከት የኡሲክን ሆድ አገኘ፤ አልፎ አልፎም እጁን ወደ ታች ጥሎ ይቀልድ ገባ። እስከ ሰባተኛው ድረስ «ፊውሪ በነጥብ» ብሎ የገመተ ሰው ፈገግ ብሎ ሻይ ያዛል።

በስምንተኛው የኡሲክ ግራ የፊውሪን ፊት ማግኘት ጀመረች። በዘጠነኛው ያቺው ግራ በደንብ አረፈች። ፊውሪ ያን ግዙፍ አካሉን ይዞ ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው እየተንገዳገደ ሄደ፤ ኡሲክም እየተከተለ ደራረበበት። ዳኛው ማርክ ኔልሰን መሃል ገብቶ ቆጠረ። ፊውሪ መሬት አልነካም፤ ነገር ግን ቦክሰኛን ከመውደቅ ያዳነው ገመዱ ብቻ ከሆነ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ደንቡ ይህ ነው። ቆጠራው እንዳበቃም የዙሩ ደወል ተደወለ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተከራካሪ አለ። አንዱ «ዳኛው ባይገባ ኖሮ ኡሲክ በዝረራ ይጨርሰው ነበር፤ ቆጠራው ፊውሪን አሳርፎታል» ይላል። ሌላው «መሬት ያልነካ ሰው እንዴት ይቆጠርበታል?» ይላል። ሁለተኛው ደንቡን አያውቅም። የመጀመሪያው ክርክር ግን ያስኬዳል፤ ምክንያቱም ያ ቆጠራ ለፊውሪ ትንፋሽ፣ ለኡሲክ ደግሞ አንድ ነጥብ ሰጥቷል። የትኛው እንደበለጠ ወረቀቱ ይናገራል።

ወረቀቱን ማንበብ

የሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች ውጤት 115 ለ 112 ለኡሲክ፣ 114 ለ 113 ለኡሲክ፣ 114 ለ 113 ለፊውሪ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ለጥቂት ነው» ብሎ ያልፋል። ትንሽ ሒሳብ ግን ብዙ ነገር ያወጣል።

አንድ ዙር ሲዳኝ አሸናፊው 10፣ ተሸናፊው 9 ያገኛል። ድምሩ 19 ነው። በ12 ዙር 228 ይሆናል። የዳኛ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ተደምረው 228 ከመጡ፣ በዚያ ወረቀት አንድም (ብዙውን ጊዜ በመውደቅ ምክንያት) 10 ለ 8 የተሰጠበት ዙር የለም ማለት ነው፤ እኩል የተባለ ዙር ወይም የተቀነሰ ነጥብ ከሌለ። 227 ከመጣ አንድ 10 ለ 8 አለ። አሁን ደምሩ፦ 115 እና 112፣ 227። 114 እና 113፣ 227። ሦስቱም ዳኞች አንድ አንድ 10 ለ 8 ሰጥተዋል፤ እሱም ዘጠነኛው ነው።

ስንት ዙር እንዳሸነፈ ለማወቅ ደግሞ ከነጥቡ 108 ቀንሱ፤ ሁሉንም ዙር የተሸነፈ ሰው 12 ጊዜ 9 ያገኛልና። ለፊውሪ በዘጠነኛው የጎደለችውን አንድ ነጥብ ስንመልስለት፣ በመጀመሪያው ዳኛ ኡሲክ 7፣ ፊውሪ 5 ዙር። በሁለተኛው 6 ለ 6። በሦስተኛው ፊውሪ 7፣ ኡሲክ 5። ሰባት ለአምስት፣ ስድስት ለስድስት፣ አምስት ለሰባት! ከዚህ በላይ እኩል የሆነ ግጥሚያ ከየት ይመጣል?

ያ ቆጠራ ባይኖርና ዙሩ በ10 ለ 9 ቢያልፍ ኖሮ፣ አንዱ ወረቀት ለኡሲክ፣ አንዱ ለፊውሪ፣ አንዱ 114 ለ 114 ይሆናል። ማለትም አቻ። ሌኖክስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከያዘው ወዲህ የመጀመሪያው የማያከራክር (ዋና ቀበቶዎቹን በሙሉ የያዘ) የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የተለየው በዚያች በአንዲት ቆጠራ ነው። በዚህ ላይ ተቀምጦ «ኦሊምፒክ ብዬህ አልነበር?» የሚል ሰው... ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በቡጢ ቆጣሪዎች ቁጥር ኡሲክ ከወረወራቸው 407 ቡጢዎች 170ውን፣ ፊውሪ ከ496 ውስጥ 157ቱን አሳርፏል። በአሥራ ሁለት ዙር የ13 ቡጢ ልዩነት። ይህም ቢሆን ያረፈውን እንጂ የጎዳውን አይቆጥርም፤ ለጃብም ለዘጠነኛው ዙር ግራም የሚሰጠው አንድ አንድ ነው።

አሊን ያሸነፈ ፍሬዘርን ያሸነፈ...

በቦክስ ክርክር ውስጥ እንደ ሦስት ማዕዘኑ የሚያሳስት ነገር አላየሁም። «ሀ ለን አሸንፏል፣ ለ ሐን አሸንፏል፣ ስለዚህ ሀ ሐን ያሸንፋል።» የዚህ ስሌት መቃብር ኪንሻሳ ነው። ሙሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆ ፍሬዘር፣ በ1973 ደግሞ በኬን ኖርተን ተሸንፏል፤ ኖርተንማ መንጋጋውን ሰብሮታል። ጆርጅ ፎርማን ሁለቱንም በሁለት በሁለት ዙር ጨረሳቸው፤ ፍሬዘርን ስድስት ጊዜ ነው የጣለው። ስለዚህ በሒሳቡ አሊ አለቀለት። አሊ 32 ዓመቱ፣ ፎርማን 25፤ 40 ተጋጥሞ 40 አሸንፏል፣ 37ቱን በዝረራ።

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኪንሻሳ ላይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በእኛ ደግሞ ገና ሲነጋ፣ ደወሉ ተደወለ። አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ፣ ክንዱን ሸፍኖ፣ ፎርማን እስኪደክም አስወረወረው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን አሊ በመጀመሪያው ዙር ጃቡን ትቶ በቀጥታ በቀኝ እጁ ይጀምር እንደነበር ነው። ቀኝ እጅ ከኋላ ስለሚመጣ ረጅም መንገድ አለው፤ ያለ ጃብ እሱን ማስቀደም ድፍረት ይጠይቃል፤ ፎርማን ደግሞ ለዚያ የተዘጋጀ አይመስልም ነበር። በስምንተኛው ዙር ያበቃለትም በዚያው ቀኝ እጅ ነው።

እና ይህ አስቀድሞ ሊታይ ይችል ነበር ወይ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን ትክክለኛው ጥያቄ ቢጠየቅ ፍንጭ ነበረ። ፎርማን ቀበቶውን ለማግኘትም ለማስጠበቅም ያደረጋቸው ሦስት ግጥሚያዎች፣ ፍሬዘር፣ ሆሴ ሮማንና ኖርተን፣ ሲደመሩ አምስት ዙር አይሞሉም። «በስድስተኛው ዙር ፎርማን ምን ይመስላል?» ለሚለው ከእነዚህ ፊልሞች መልስ አይገኝም። ወደ ኋላ የሄደ ግን ግሪጎሪዮ ፔራልታን ያገኛል፦ ወጣት ያልነበረ፣ ጡጫው የማያስፈራ አርጀንቲናዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከፎርማን ጋር አሥር ዙር ጨርሷል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እስከ አሥረኛው ዙር ቆይቷል። የሚንቀሳቀስ፣ የማይደነግጥ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጡጫው የማይገባ ሰው ፎርማንን ማቆየት እንደሚችል ያሳየው ይህ ፊልም ነበር። ፍሬዘር ግን ባሕርይው ወደፊት መግባት ነው፤ ማለትም ወደ ፎርማን ቡጢ መግባት።

የእኛ ዘመን ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከድብልቅ ማርሻል አርት የመጣው ፍራንሲስ ንጋኑ ነው። በጥቅምት 2016 በመጀመሪያ የቦክስ ግጥሚያው ፊውሪን በሦስተኛው ዙር ጣለው፤ ፊውሪ በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ አመለጠ። በየካቲት ጆሽዋ ንጋኑን በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ወዲያው «ጆሽዋ ከፊውሪ ይበልጣል» ተባለ። በመስከረም 2017 ዳንኤል ዱቧ ጆሽዋን በአምስተኛው ዙር አስተኛው። ዱቧን ደግሞ ኡሲክ ቀድሞ አሸንፎት ነበር፣ ኋላም ደገመው። በዚህ ገመድ ላይ የሚራመድ ሰው የት እንደሚወድቅ አይታወቅም።

ምን ይታይ?

መጀመሪያ እግር። ኡሲክ ግራኝ ነው፤ ቀኝ እግሩ ፊት ነው። ባብዛኛው የሚገጥመው ሰው ደግሞ ግራ እግሩን ያስቀድማል። የሁለቱ የፊት እግሮች ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ የፊት እግሩን ከተጋጣሚው እግር ውጪ ያሳረፈ ሰው ለኋላ እጁ ቀጥ ያለ መንገድ ያገኛል። የአንድ ቦክሰኛን ብቃት ለማየት ፊልሙን ስትከፍቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ጓንቱን ትታችሁ እግሩን ብቻ ተመልከቱ። ማን ማንን እያዞረ እንደሆነ ከእግር በላይ የሚናገር የለም። ግራኝ ባልሆኑ ተጋጣሚዎች ላይ ብቻ የተገነባ ሪከርድ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ምንም አይመልስም።

ሁለተኛ ቁመትና ክንድ። ፊውሪ 206 ሳንቲ ሜትር፣ የክንዱ ዝርጋታ 216 ነው፤ ኡሲክ 191 እና 198። 18 ሳንቲ ሜትር ብዙ ነው። ነገር ግን የክንድ ርዝመት የሚጠቅመው ርቀቱን ለሚጠብቅ ሰው ነው። ረጅሙ ሰው ራሱ ወደ ገመድ ካፈገፈገ፣ ወይም ጃቡን ወርውሮ ቶሎ ካልመለሰ፣ ያ ትርፍ ክንድ ይባክናል። ስለዚህ «ረጅም ነው» ከማለት «ከስድስተኛው ዙር በኋላም ጃቡን ይወረውራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛ ሚዛን፣ በጥንቃቄ። ከግንቦቱ ግጥሚያ በፊት የኡሲክ ክብደት 233.5 ፓውንድ ተብሎ ታወጀ፤ ማለትም 106 ኪሎ ገደማ። «ተለወጠ፣ ለጉልበት መጥቷል» እያለ የተነተነው ብዙ ነው። ትክክለኛው ግን 223.5፣ 101.4 ኪሎ ነበር። አንዲት ቁጥር ተሳስታ ስንት ንድፈ ሐሳብ ወለደች! ፊውሪ ያን ቀን 262 ፓውንድ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ለመልሱ ግጥሚያ ሲመጣ 281፣ ወደ 127.5 ኪሎ ሆኖ መጣ። ክብደት መጨመር ተጠግቶ ለመደገፍና ለመግፋት ይጠቅማል፤ ኡሲክን ግን ለመደገፍ መጀመሪያ መያዝ ያስፈልጋል። ሦስቱም ዳኞች 116 ለ 112 ለኡሲክ ሰጡ። ደምሩት፦ 228። መውደቅ የለም፤ ስምንት ዙር ለአራት። ይህኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ግልጽ ነበር፤ የሚወራለት ግን የመጀመሪያው ነው።

አራተኛ የማይታየው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓክያዎ ከሜይዌዘር ጋር የገባው ትከሻው ተጎድቶ ነበር፤ ሕዝቡ የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። የሪያዱም ግጥሚያ የተራዘመው ፊውሪ በልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ስለተቆረጠ ነበር፤ የኪንሻሳውም እንዲሁ፣ በፎርማን ዓይን ምክንያት። ግጥሚያ ሲራዘም ሰው ስለ ቁስሉ ብቻ ያወራል። ዋናው ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ስንት ሳምንት ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ቀረ የሚለው ነው፤ ቦክሰኛ በሩጫ ሳንባውን ማቆየት ይችላል፣ የርቀት ስሜቱን ግን አይችልም።

ፊልም ስታዩም ድምፁን አጥፉት። ተንታኙ «እንዴት ያለ ምት!» ሲል ዓይናችን ጓንት የመታውን እንደ መንጋጋ ይቆጥረዋል። የየዙሩን ውጤት ደወሉ ሲደወል ወዲያው ጻፉ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም፣ ዳኛም አያርምም። ከምርጥ ዝረራዎች የተቀነጨበ አጭር ቪዲዮ ደግሞ ለግምት መርዝ ነው፦ የተሳኩትን ብቻ ነው የሚያሳየው።

መቶውን ማከፋፈል

በሀገራችን ቤቲንግ ቤት ከበዛ ወዲህ ኦድ (የውርርድ ማባዣ ቁጥር) የማያነብ ወጣት የለም፤ ኦዱ ምን እንደሚል የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ አንዱ 1.80፣ ሌላው 2.10፣ አቻው 17 ቢሆን፣ አንድን ለየኦዱ አካፍሉ፦ 55.6፣ 47.6 እና 5.9 በመቶ። ድምሩ 109.1 ነው። ከመቶ በላይ ያለው 9.1 የቤቱ ድርሻ ነው። 55.6ን ለ109.1 ስታካፍሉት 51 ገደማ ይመጣል። ማለትም «ተመራጭ» የተባለው ሰው ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሰው ግን 1.80ን ሲያይ «ይበላታል» ይላል።

ስለዚህ ከደወሉ በፊት መቶ ነጥብ በአምስት ቦታ ማከፋፈል ጥሩ ልማድ ነው። ለግንቦቱ ግጥሚያ ለምሳሌ፦ ኡሲክ በነጥብ 38፣ ፊውሪ በነጥብ 32፣ ፊውሪ በዝረራ 14፣ ኡሲክ በዝረራ 12፣ አቻ 4። ይህን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው «ኡሲክ» ቢልም «ፊውሪ» ቢልም ከሌላው ጋር የሚለያየው በስድስት በሰባት ነጥብ እንጂ በጩኸት አይደለም። በክርክርም ጊዜ «ለምን ለዝረራው 14 ሰጠህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ «ለምን ፊውሪ አልክ?» ከሚለው ይልቅ መልሱ ብዙ ያስተምራል።

ነጥብ አያያዙም ቀላል ነው። ለአንዱ ቦክሰኛ የሰጣችሁት ዕድል 0.70 ከሆነና ካሸነፈ፣ ስህተታችሁ 0.30 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.09። ከተሸነፈ 0.70 በ0.70፣ 0.49። ሁልጊዜ ግማሽ በግማሽ የሚል ሰው ሁልጊዜ 0.25 ያገኛል። ስለዚህ ከብዙ ግጥሚያ በኋላ አማካያችሁ ከ0.25 ከበለጠ፣ ሳንቲሙ ይበልጣችኋል። በቃል ደፋር የሆነ ሰው የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው፦ «መቶ በመቶ» ብሎ የተሸነፈ አንድ ሙሉ ይቆጠርበታል። ስህተቱን በራሱ ሳያባዙ መደመር ግን አይሠራም፤ ሁሉንም ለተመራጩ ማፍሰስን ያበረታታል።

አንድ ክርክር አለ፣ በዚህ ሁሉ የማይፈታ፦ አሊ ከኡሲክ ቢጋጠሙስ? እዚህም ቢሆን መነሻው ሚዛን ነው። ኪንሻሳ ላይ ፎርማን 220 ፓውንድ፣ አሊ 216.5 ነበሩ። የዚያ ዘመን አስፈሪ ግዙፍ 99.8 ኪሎ፤ የእኛ ዘመን «ትንሽ» የሚባለው ኡሲክ 101.4። ስለዚህ «አሊ ለዛሬዎቹ ግዙፎች ያንሳል» የሚለው ክርክር ከፊውሪ ጋር እንጂ ከኡሲክ ጋር አያስኬድም። ቀጥሎ የምጠይቀው በስንት ዙር እንደሆነ ነው። ኪንሻሳ ለ15 ዙር የተያዘ ግጥሚያ ነበር። በ15 ዙር ከሆነ የ1974ቱን (እ.ኤ.አ.) አሊ ሳይሆን የ1967ቱን (እ.ኤ.አ.) አምጡልኝና 60 እሰጠዋለሁ። በ12 ከሆነ ግን፣ ያ የግራኝ እግር እየታሰበኝ፣ ከ50 አላልፍም።